ለአሣ ርቢ በሚሠራ አኳሪየም ንድፍ ላይ ከሸሪክ ጋር እንዴት መስማማት ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ ሁለት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የጌጥ አሣ ለማራባት ሲነሡ፣ የመጀመሪያው አለመግባባት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመስታወቱ ነው። አንደኛው ሱቅ ወይም ሳሎን የሚያደምቅ፣ ጠጠርና ተክል የተነጠፈበት ሰፊ አኳሪየም በሐሳቡ ይስላል፤ ሌላኛው ወለሉ ባዶ የሆነ፣ በቀላሉ የሚታጠብና ጫጩት የሚቆጠርበት ገንዳ ይፈልጋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ስለሆኑ አንድ ገንዳ ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ ማስገደድ አያዋጣም።

ከሁሉ አስቀድሞ የአሣውን ዓይነት ይወስኑ፤ የገንዳው ቅርጽ የሚወጣው ከዚያ ነውና። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ውኃ ይስማማዋል፤ ነገር ግን እንቁላሉን በትኖ ራሱ መልሶ ስለሚበላው ወላጆቹ የሚዛወሩበት ሁለተኛ ገንዳ የግድ ያስፈልጋል። እንቁላሉ የሚጣበቅበት ነገርም ሊዘጋጅለት ይገባል፤ ቀለሙ መልቀቁን እስኪያቆም በሙቅ ውኃ የታጠበ የሹራብ ክር ይበቃል። ጋፒ ግን እንቁላል አይጥልም፤ በአንድ ወር ገደማ ሕያው ጫጩት ይወልዳል፤ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት እና ጫጩቶቹ ከእናታቸው አፍ የሚሸሸጉበት ጥቅጥቅ ያለ ተክል ይፈልጋል። ኤንጅልፊሽ ክንፉ ወደ ላይና ወደ ታች የረዘመ በመሆኑ ከፍ ያለ ገንዳ፣ እንዲሁም እንቁላሉን የሚለጥፍበት ዘንበል ብሎ የቆመ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሻል።

በዚህ ምርጫ ላይ የከተማችን አየር ድምፅ አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጋፒ ወይም ኤንጅልፊሽ የመረጡ ሸሪኮች ለእያንዳንዱ ሊትር ውኃ 1 ዋት ገደማ ኃይል ያለው ማሞቂያ በንድፋቸው ውስጥ ማስገባትና የመብራቱን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል መነጋገር አለባቸው። ከፍታው ሌላም ነገር ያስከትላል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በዚህ ምክንያት አሣ ማጨናነቅ እዚህ የበለጠ ይጎዳል፤ የአየር ፓምፕም የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በእኔ እምነት ለጀማሪ ሸሪኮች የሚበጀው በጎልድፊሽ መጀመር ነው።

ቀጥሎ ስለ ትርፉ ይነጋገሩ፤ ይህ ከንድፍ የራቀ ቢመስልም አይደለም። በአገራችን ላምን ለርቢ ሰጥቶ ጥጃውን መካፈል የታወቀ ነው፤ በአሣም ጫጩቶቹ ከነነፍሳቸው ይከፈላሉ ወይስ ተሸጠው ገንዘቡ ይከፈላል የሚለው አስቀድሞ ካልተቆረጠ ስንት የማሳደጊያ ገንዳ እንደሚያስፈልግ ማወቅ አይቻልም። እኔና ሸሪኬ ይህን ሳንነጋገር አንድ ማሳደጊያ ብቻ አሠርተን ነበር፤ እሱ የሚሸጠውን እኔ ለዘር የማስቀረው ስለሆነ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከገንዳው አጠገብ ቆመን አንድ አሣ እያነሣን መከራከር ሥራችን ሆነ። በኋላ መሐሉን በቀዳዳ ፕላስቲክ ከፈልነው።

ከዚህ በኋላ ሁለታችሁም ባላችሁበት ቦታውን ለኩ። የገንዳውን ርዝመትና ወርድ በጠመኔ ወለሉ ላይ አስምሩ፤ የዚያኑ ያህል ቁመት ያለው ካርቶን አቁሙበት፤ ከዚያም ወደፊት ገንዳውን የሚያጸዳው ሰው እጁን ወደ ካርቶኑ አስገብቶ ታቹን መንካት መቻሉን ይሞክር። ወረቀት ላይ የማይታየው ብዙ ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ሊትሩን ይሰጣል፤ 90 በ45 በ45 የሆነ ገንዳ 182 ሊትር፣ ማለትም ያለ መስታወቱና ያለ ማስቀመጫው 182 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ቦታው ምድር ቤት፣ ማስቀመጫው የተበየደ ብረት፣ ልኩም በውኃ ልክ የተረጋገጠ ይሁን፤ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት አጠገብ ደግሞ አይሁን፤ ውኃው አረንጓዴ ይሆናልና። የውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልም በሥዕሉ ላይ ቦታ ይያዝለት፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሠፈሮች የሳምንቱን ቅያሪ፣ ማለትም የገንዳውን አንድ አራተኛ ያህል፣ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ክሎሪኑም ክዳኑ በተከፈተ በርሜል ውስጥ አንድ ቀን ሲያድር ይተናል።

አለመግባባት ከቀጠለ የምመክረው አከፋፈል ይህ ነው፦ በርቢው ገንዳ ላይ የመጨረሻውን ቃል እጁን በየቀኑ የሚያረጥበው ሰው፣ በማሳያው ገንዳ ላይ ደግሞ ደንበኛ የሚያነጋግረው ሰው ይናገር።

ስምምነቱ ሲያልቅ ልኩ የተጻፈበት ሥዕል በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ፤ አንዱ ቅጂ ወደ መስታወት ቆራጩ ይሄዳል። ባለሙያው የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ስለሚቆርጥ የመስታወቱን ውፍረት ከልኩ ላይ አስቀድሞ መቀነስ የእናንተ ፈንታ ነው። ከላይ ለተጠቀሰው ገንዳ፣ በ8 ሚሊሜትር መስታወት፣ ወለሉ 90 በ45፣ የፊቱና የኋላው እያንዳንዳቸው 90 በ44.2፣ ሁለቱ ጎኖች ደግሞ መስታወቱን ለሚያጣብቀው ሲሊኮን 2 ሚሊሜትር ተቀንሶላቸው 43.2 በ44.2 ይሆናሉ። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ መከላከያው አሣ ይገድላል። የአየር ፓምፑ መደርደሪያም ከውኃው ወለል በላይ ተስሎ ይቀመጥ፤ ያለዚያ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያበላሻል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ጫጩቶቹን ያተርፋል፤ ዋጋውም በጋራ መዋጮው ውስጥ ይግባ።

ሥዕሉ ላይ ቆሻሻው ውኃ የሚወጣበትም ቦታ ይታይ። ለአትክልት ማጠጫ ቢውል ደግ ነው። የተረፈ አሣ ግን ወደ ቀሃም ሆነ ወደ አንገረብ አይለቀቅ፤ የእነዚህ ወንዞች ውኃ በመገጭ ወንዝ በኩል ጣና ይገባል፤ የባዕድ አገር አሣ እዚያ ቢራባ የሚያደርሰው ጉዳት የሚመለስ አይደለም።

የተጣበቀው ገንዳ አንድ ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ ደጅ ላይ ውኃ ሞልቶ ለ2 ቀን ይፈተሽ፤ ከዚያ ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ ስፖንጅ ማጣሪያው እየሠራና ትንሽ የአሣ መኖ እየተጨመረበት፣ የአሣውን ቆሻሻ መርዝነት የሚያጠፉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያለ አሣ ይቆይ። በዚህ ጊዜ ተራችሁን ጠብቃችሁ ውኃ ቀይሩ፣ ማጣሪያውን ጭመቁ። የውኃው ቱቦ ከበርሜሉ እስከ ገንዳው ካልደረሰ፣ ወይም አንዳችሁ በተራው ካልተገኘ፣ ሥዕሉን አሣ ሳይገባበት አርሙትና እንደገና ፈርሙበት።