ወለል ስር ቧንቧ ዘርግቶ ክፍልን ማሞቅ (በበጋም ማቀዝቀዝ) እንዴት እንደሚሰራ

አዲስ አበባ ጠዋት ጥላ ውስጥ ቢቆሙ ይበርድዎታል። ሁለት እርምጃ ወደ ፀሐይ ፈቀቅ ቢሉ ይሞቅዎታል። አየሩ ያው ነው፤ ያሞቀዎት ጨረሩ ነው። የወለል ማሞቂያም እንዲሁ ነው፤ ወለሉ ይሞቃል፣ ወለሉም ሰውንና ግድግዳውን ያሞቃል። ኮሪያውያን የምድጃ ጭስ ከወለል ስር እያሳለፉ ለዘመናት ሞቀውበታል፤ ስሙንም ኦንዶል ይሉታል። ዛሬ ጭሱን የተካው ለብ ያለ ውሃ ነው።

ጀርመን ወይም ስዊድን ቤት እያደሱ ነው እንበል፤ ክፍሉ 12 ካሬ ሜትር ነው።

መጀመሪያ ወለሉን ያስተካክሉና ይጥረጉ። በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ለስላሳ የፎም ጥብጣብ ያቁሙ። በኋላ ቧንቧው ላይ የሚፈሰው የሲሚንቶ ሊሾ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ መፈናፈኛ ካጣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ያንጥፉ። ሰዎች ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚሞክሩት እዚህ ላይ ነው፤ ትርፉ የታችኛውን ቤት ማሞቅ ነው።

ቀጥሎ ቧንቧው ነው። 16 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲዘረጋ ለአንድ ካሬ ሜትር 7 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ ለክፍልዎ 80 ሜትር ይበቃል፣ ውሃውን ለየቧንቧው እስከሚያዳርሰው ማከፋፈያ ያለው መንገድ ግን ይታከልበት። ከማከፋፈያው ወጥቶ የሚመለሰው አንዱ የቧንቧ ዙር ከ100 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከረዘመ ውሃው ጫፍ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። አዘራረጉ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይሁን፤ ትኩሱ መሄጃ ከቀዝቃዛው መመለሻ ጎን ሲተኛ ወለሉ እኩል ይሞቃል። ወለሉ ውስጥ መገጣጠሚያ አይግባ። ከመሸፈንዎ በፊት ሜትር አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱት፤ አንድ ቀን ድሪል ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።

አሁን ውሃ ሞልተው እስከ 6 ባር ግፊት ይስጡት። ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ መለኪያው መጀመሪያ ትንሽ ቢወርድ አይደንግጡ፤ እንደገና ሞልተው ይደር። ጠዋትም እየወረደ ከሆነ ቀዳዳ አለ። ሊሾው ሲፈስም ግፊቱ ቧንቧው ውስጥ ይቆይ፤ አካፋ የወጋው ቧንቧ ያኔውኑ ይታወቃል።

የሲሚንቶ ሊሾው ከቧንቧው አናት በላይ 4.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚያ ትዕግስት ነው፤ ለ21 ቀን ማሞቂያው አይነካ። ከዚያ በኋላ ለ3 ቀን በ25 ዲግሪ ውሃ፣ ቀጥሎ ለ4 ቀን ሲስተሙ በታቀደለት ከፍተኛ ሙቀት ይሂድ። ሴራሚክ የሚነጠፈው ሊሾው መድረቁ በመለኪያ ከታየ በኋላ ነው። ቦይለሩንና ኤሌክትሪኩን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተዉለት።

ውሃው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ የሚቀመጡበት ክፍል ወለል ከ29 ዲግሪ አይለፍ። ዛሬ ማታ ብርድ ሲሰማዎ ከፍ ቢያደርጉት ሙቀቱ የሚደርስልዎ ከሰዓታት በኋላ ነውና ቴርሞስታቱን ቶሎ ቶሎ አይነካኩት። ወፍራም ምንጣፍም ብርድ ልብስ እንደማልበስ ነው።

በበጋ በዚያው ቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ማሳለፍ ይቻላል፣ ውሃውን የሚያሞቀው ማሽን ማቀዝቀዝም ከቻለ። ጣጣው ጠል ነው። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ወለልም ያልበዋል። ክፍሉ 26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን ከ17 ዲግሪ ተኩል በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ይረጥባል። ስለዚህ ወለሉ ከ19 ወይም 20 ዲግሪ አይውረድ፤ እርጥበት ሲጨምር ውሃውን የሚዘጋ መቆጣጠሪያም ይገጠም። መታጠቢያ ቤቱን ከማቀዝቀዙ ያውጡት።

ዱባይ ወይም ዶሃ ላሉ ግን ወለሉ ብቻውን አይበቃም። በነሐሴ የባህረ ሰላጤው አየር እርጥበት ስለሚያዝል መጀመሪያ አየሩ መድረቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የባንኮክ ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ እንዲህ ነው የሚሰራው፤ የደረቀ አየር ይገባል፣ ወለሉ ስር ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ይሄዳል።