ሳልስበሪ 1688፦ ያልተደረገው ውጊያ ጠረጴዛ ላይ ሲበላሽ (ችግርና መፍትሄ)

ኖቬምበር 1688 ላይ የኔዘርላንዱ መሪ የኦሬንጁ ዊልያም ጦር ይዞ ባሕር ተሻግሮ ቶርቤይ በተባለው የእንግሊዝ ጠረፍ ወረደ። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ጦሩን በደቡብ እንግሊዟ ሳልስበሪ ሰብስቦ ጠበቀው። ሁሉም ትልቅ ውጊያ ይሆናል ብሎ ነበር፤ አልሆነም። ይህን ውጊያ በትንንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ እንደ ጨዋታ ማዘጋጀት የሚወድ ሰው ብዙ ነው። የሚበላሸውም ሁሌ እነዚያው ቦታዎች ላይ ነው። ህጉንና የዳይሱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ እሱን አልደግምም።

ምልክት፦ ምስሎቹ የያዟቸው ረጃጅም ጦሮች ይጣመማሉ፣ ይሰበራሉ

ምክንያቱ ከምስሉ ጋር አብሮ ከለስላሳ ብረት የወጣ ጦር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ሠርቶ መሸጥ ያሳፍራል። ሁለት ሦስቴ ስታቃኑት ይሰበራል፣ የቀባችሁት ቀለምም አብሮ ይረግፋል። ከመቀባታችሁ በፊት ቆርጣችሁ ጣሉት። እጁን በቀጭን ድሪል ብሱና ጠንካራ ሽቦ አስገቡ። እውነተኛው ጦር 5 ሜትር ገደማ ስለነበር፣ ለ28 ሚሊ ሜትር ምስል 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሽቦውን በብርጭቆ ወረቀት ሳትፈገፍጉ ሱፐር ግሉ አትቀቡ፣ አይዝም። ጫፉን በሞረድ አደንዝዙት። ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ የሚል ሰው ዓይን አለ! ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሽቦውን ተዉት፤ የፕላስቲክ መጥረጊያ ጭራ ይሻላል።

ምልክት፦ እግረኛው በአንድ ዙር ይተኩሳልም፣ በሳንጃ ይወጋልም

የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ህግ አምጥታችኋል። የዚህ ዘመን ሳንጃ አፈሙዙ ውስጥ የሚሰካ ነው፤ ከተሰካ መተኮስ የለም። በ1689 ኪሊክራንኪ ላይ የመንግሥት ጦር ሳንጃውን ሳይሰካ የስኮትላንድ ደገኞች ደረሱበት። ተጫዋቹ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ።

ምልክት፦ ወገንና ጠላት ይምታታል

ሁለቱም ጋ ቀይ ለባሽ አለ፤ ዊልያም በኔዘርላንድ ያገለግሉ የነበሩ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ሬጅመንቶችን (በአንድ ኮሎኔል ሥር ያሉ የጦር ክፍሎችን) ይዞ መጥቷል። ምስሎቹ የተለጠፉበትን መቆሚያ ጠርዝ በሁለት ቀለም ለዩት።

ምልክት፦ ጄምስ ሁሌ ያሸንፋል

ዋናው ይሄ ነው። ያየኋቸው የሳልስበሪ ጨዋታዎች አብዛኞቹ የወደቁት እዚህ ላይ ነው። ጄምስ በወረቀት ከ30,000 በላይ ወታደር ነበረው። ዊልያም ይዞት የመጣው ብዙ ጊዜ 15,000 ገደማ ተብሎ ይቆጠራል። አዘጋጁ ቁጥሩን ወስዶ ምስል ይደረድራል፣ ጄምስ ከሁለት አቅጣጫ ይከባል፣ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ውጊያው ለምን እንዳልተደረገ ተረስቷል። የጄምስ ችግር ሰው ማነስ አልነበረም፣ የሚታመን መኮንን ማጣት ነው። ኖቬምበር 23 ምክር ተቀምጠው ማፈግፈግ ተወሰነ። በዚያው ሌሊት ከጄምስ መኮንኖች ጆን ቸርችልና የግራፍተኑ መስፍን ወደ ዊልያም ኮበለሉ። ንጉሡ ራሱ ነስር እየደጋገመ ይጥለው ነበር። ይህን ጠረጴዛው ላይ ካላስገባችሁ ያዘጋጃችሁት ሌላ ጦርነት ነው።

መፍትሄው የታማኝነት ወረቀት ነው። ለ12 የጄምስ ሬጅመንቶች 12 ቁራጭ አዘጋጁ። ስድስቱ ላይ «ይዋጋል»፣ አራቱ ላይ «ያመነታል»፣ ሁለቱ ላይ «አዛዡ ይከዳል» ብላችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ መቆሚያ ሥር አንድ አንድ ይቀመጥ። የሚያስቀምጠው የማይጫወት ሰው ይሁን። ወረቀቱ የሚገለጠው ሬጅመንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አጥቃ» ሲባል ብቻ ነው፣ ሲንቀሳቀስ አይደለም። የሚያመነታው ሬጅመንት ዳይስ ላይ 4ና ከዚያ በላይ ካልወጣለት በዚያ ዙር አያጠቃም።

ወረቀቱ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንድ ዓይነት ይታጠፍ። «ባንዲራው ተጣሞ ነው» እያለ መቆሚያውን ከፍ አድርጎ የሚያይ ተጫዋች ገጥሞኛል። የታጠፈበትን መስመር የሚያስታውስም አለ። እንዲህ ከተደረገ ቀሪው ጨዋታ ዋጋ የለውም፤ ሰብስባችሁ እንደገና በውዙት።

አሁን ሁሉም የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። «አዛዡ ይከዳል» ሲወጣ ሬጅመንቱን በሙሉ አንስተው ለዊልያም ይሰጡታል። አይሆንም! የጄምስ መኮንን ሎርድ ኮርንበሪ ሦስት የፈረሰኛ ሬጅመንቶችን ይዞ ወደ ዊልያም ሲሄድ፣ ነገሩ የገባቸው አብዛኞቹ ተመልሰዋል። የሚነሳው የኮሎኔሉ ምስል ነው። ወታደሮቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ ሌላ መኮንን እስኪደርስላቸው ትእዛዝ አይቀበሉም። አንድ ጊዜ የጄምስ ቀኝ ክንፍ እንዳለ ለዊልያም ሲሰጥ አይቻለሁ። በሦስተኛው ዙር ተጨብጭቦ ተበተነ፤ ሁለት ወር የተቀባ ፈረሰኛ ከሳጥን ወጥቶ ሳይዋጋ ተመለሰ። አናደደኝ።

ለንጉሡም በየዙሩ ዳይስ ይወርወር። 1 ከወጣ ነስሩ ተነስቷል፣ በዚያ ዙር ከሱ ትእዛዝ የለም። የጄምስ ጦር አዛዥ ፌቨርሻምም መስመሩን ከማስጠበቅ በቀር አያጠቃም።

ምልክት፦ ወረቀቱ ከገባ በኋላ ማንም አይነቃነቅም

ጄምስ ወረቀቱን ፈርቶ ይቀመጣል፣ ዊልያምም ቁጥሩን ፈርቶ። ምክንያቱ ጊዜ ለሁለቱም እኩል መሆኑ ነው። እውነቱ ግን በየቀኑ የሚከዳው ከጄምስ ወገን ነበር። ስለዚህ በየሁለት ዙሩ አንድ ያልተገለጠ «ይዋጋል» ያ የማይጫወተው ሰው በ«ያመነታል» ይቀይረው፣ የትኛው እንደሆነ ሳይናገር። ያኔ ጄምስ ሳይወድ ያጠቃል። ዊልያም ደግሞ መጠበቅ ያዋጣዋል፣ ሾምበርግን የመሰለ አንጋፋ አዛዥም አጠገቡ አለ።

ምልክት፦ ፈረሰኛው መሄጃ ያጣል

ጠረጴዛውን በቁጥቋጦ አጥር ሞልታችሁታል። ያ በዚያው ዘመቻ ዊንካንተን ከተማ ላይ ለተደረገው ትንሽ ግጭት ይሆናል። ሳልስበሪ ገላጣ ሜዳ ነው፣ አንሱት።

ምልክት፦ የሁለት መጻሕፍት ቀን አይገጥምም

እንግሊዝ ያኔ በአሮጌው አቆጣጠር ነበረች፣ ከኔዘርላንድ 10 ቀን ወደ ኋላ። ዊልያም የወረደው በእንግሊዞቹ ኖቬምበር 5፣ በኔዘርላንዶቹ ኖቬምበር 15 ነው። አንዱን ይዛችሁ ቀጥሉ።