ከቃለ መጠይቅ በኋላ ፍትሐዊ ያልሆነ አስተያየት ሲሰጣችሁ

ጅማ ውስጥ ለባንክ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካ ወይም ለቡና ድርጅት ተወዳድሮ የወደቀ ሰው ምክንያቱን ከሰማ የሚሰማው በስልክ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በራስ መተማመን ይጎድልሃል»፣ «ልምድሽ አነሰ»። ያናድዳል። ስልኩ ላይ አትከራከሩ፤ አመስግናችሁ ዝጉና ወረቀት አውጡ።

በዚያው ቀን የተጠየቃችሁትንና የመለሳችሁትን በቅደም ተከተል ጻፉ። ጠያቂዎቹ ስንት እንደነበሩ፣ አስተያየቱን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ቃል እንደነገራችሁም ጨምሩ። ቃሉን አታሳምሩት፣ አታክርሩትም። የሥራ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ይቀደዳል፣ ቴሌግራም ላይ የወጣውም ይሰረዛል፤ ማስታወቂያው በእጃችሁ ከሌለ ደግሞ የምትከራከሩበት መስፈርት የለም።

ከዚያ አስተያየቱን ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩት። 2 ዓመት ልምድ ተጠይቆ የ3 ዓመት አቅርባችሁ «አነሰ» ከተባላችሁ፣ በወረቀት የሚረጋገጥ ስህተት ነው። ግን ከመቆጣታችሁ በፊት የልምድ ደብዳቤያችሁን እንደገና አንብቡ። የጀመራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን ካልተጻፈ፣ የሥራ መደቡ ካልተገለጸ፣ ወይም የሥራ ግብር መከፈሉ ካልተጠቀሰ መልማዩ ልምዱን ሳይቆጥረው ያልፋል። ሌላው የሚያጣላው ቋንቋ ነው። አፋን ኦሮሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ማስታወቂያው ላይ መስፈርት ሆኖ ከተጻፈ አቤቱታ አያስኬድም፤ ሳይጻፍ ቆይቶ ከፈተናው በኋላ ከተነሳ ግን ጠይቁ። «ፊትህ አልሳቀልንም» ዓይነቱን ተዉት። አይለካም፣ ስለዚህ አይረታም።

ደብዳቤ ስትጽፉ «ለምን ወደቅኩ?» አትበሉ፤ «የተሻለ ተወዳዳሪ ስለተገኘ» የሚል መልስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፦

«ለ… የሥራ መደብ በ… ቀን በተደረገው ቃለ መጠይቅ ልምዴ ከመስፈርቱ በታች መሆኑ በስልክ ተገልጾልኛል። በማስታወቂያው የተጠየቀው 2 ዓመት ሲሆን፣ ያቀረብኩት ማስረጃ 3 ዓመት ያሳያል። ማስረጃው ያልተያዘበት ምክንያት፣ እንዲሁም በጽሑፍ ፈተናና በቃለ መጠይቅ ያገኘሁት ነጥብ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከዚህ አይርዘም። በ2 ቅጂ አትሙት፤ አንዱን አስገቡ፣ በሌላው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ይመልስላችሁ። ጸሐፊዋ «እኔ አደርስላችኋለሁ» ብትልም ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት ከሆነ የጅማው ቅርንጫፍ ውሳኔ ሰጪ ላይሆን ስለሚችል በኢሜይል ለዋናው የሰው ሀብት ክፍል ላኩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ውጤቱ በተለጠፈበት ቀን ቅሬታ ሰሚው ማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚቀበል ጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ ጥሩ ቅሬታም ዋጋ የለውም።

አስተያየቱ ጾታን፣ ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም አካል ጉዳትን ከነካ ነገሩ ሌላ ነው። በግል ድርጅቶች ላይ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 በእነዚህ ምክንያቶች ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አንቀጽ 87 ደግሞ ሴት ከወንድ ጋር ተወዳድራ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ እንዲሰጣት ያዛል። ነጥቡን በጽሑፍ መጠየቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ «ነገ ወልደሽ ትቀሪያለሽ» የተባለች አመልካች ነጥቧን ካላወቀች እኩል መሆኗን ማሳየት አትችልም። አካል ጉዳተኛ አመልካች በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ ሲከስ ፍሬ ነገሩን መግለጽ ይበቃዋል፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የጅማ ጽሕፈት ቤትም ማቅረብ ይቻላል።

ፌስቡክ ላይ የድርጅቱን ስም ጠርቶ መጻፍን አንመክርም። የጅማ ቀጣሪዎች ይተዋወቃሉ፤ ጽሑፉ ከእናንተ ቀድሞ ቀጣዩ መሥሪያ ቤት ይደርሳል፣ ማስረጃ የሌለው ስም መጥራትም በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ስለ ቀድሞው ውድድር ከተጠየቃችሁ «ተወዳድሬ አላለፍኩም፤ የልምድ ማስረጃዬ ቀን ይጎድለው ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ» በቂ ነው፤ የተስተካከለውን ደብዳቤ አውጥታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ።