ቦግ እልም የሚል መብራት በኤክስፕሬሽን፦ ኑክ ላይ እንዴት እንደሚሰራ

የሚንቀጠቀጥ የመብራት ብርሃን በእጅ ኪፍሬም መሥራት ጊዜ ይበላል። በየፍሬሙ ቁጥር ስትሰጡ ትውሉና መጨረሻ ላይ «ትንሽ ቀስ ቢልስ?» የሚል አስተያየት ይመጣል። ያኔ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። ኤክስፕሬሽን የሚገላግላችሁ ከዚህ ነው፤ ቁጥሩን እናንተ ከምትሞሉት ይልቅ ሶፍትዌሩ ራሱ በቀመር እያሰላ ያወጣዋል።

የማሳያችሁ ኑክ በሚባለው የቪዲዮ ምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ ነው። አፍተር ኢፌክትስ ላይም ሐሳቡ ያው ነው፣ ዋናው ልዩነት እዚያ ጊዜው የሚቆጠረው በሰከንድ መሆኑ ነው። ቀመሮቹን እዚህ በፊደላችን ብጽፋቸውም ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው።

1. ሳጥኑን ክፈቱ

ግሬድ ኖድ (ብርሃንና ቀለም የሚያስተካክለውን የኑክ ክፍል) ጨምሩ፣ ብርሃኑ ያረፈበትን ቦታ ብቻ እንዲነካ በሮቶ (በቅርጽ መሳያው) ከልሉት። መልቲፕላይ የሚለው ቁጥር ላይ ክሊክ አድርጉና የእኩል ምልክቱን (=) ተጫኑ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ «ፍሬም» ብቻ ጽፋችሁ ታይምላይኑን ወዲያ ወዲህ አድርጉት። 1001ኛው ፍሬም ላይ ከሆናችሁ ቁጥሩ 1001 ይሆናል። ምስሉ ነጭ ቢሆን አትደንግጡ። ይህችን ሙከራ አትዝለሏት፣ ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በዚህ በአንዱ ቁጥር ነው።

2. በሳይን ጀምሩ

1 + 0.2 * ሳይን(ፍሬም * 2 * ፓይ / 48)

ሳይን ከ-1 እስከ 1 ይመላለሳል። በ0.2 ስናባዛውና 1 ስንደምርበት ብርሃኑ በ0.8 እና በ1.2 መካከል ይወጣል ይወርዳል። 48 አንዱ ዙር የሚፈጀው የፍሬም ብዛት ነው፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ 2 ሰከንድ ማለት ነው። ሳይን(ፍሬም) ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት ግን ዙሩ በ6.28 ፍሬም ያልቃል፤ በጣም ይፈጥናል።

ለማስጠንቀቂያ መብራት ይሄ በቂ ነው። ለተበላሸ አምፖል ወይም ለእሳት ግን አይሆንም፣ ዓይን ድግግሞሹን ወዲያው ይይዘዋል።

3. ወደ ኖይዝ ተሻገሩ

ኖይዝ እንደ ሳይን ሳይደጋገም፣ ግን ለስለስ ብሎ የሚለዋወጥ ቁጥር ይሰጣል። ብዙ ሰው ኖይዝ(ፍሬም) ብሎ ይጽፍና ምንም ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ኖይዝ በሙሉ ቁጥሮች ላይ ሁሌም ዜሮ ነው የሚሰጠው፣ የፍሬም ቁጥር ደግሞ ሙሉ ቁጥር ነው። በ10 ብታካፍሉትም በየ10 ፍሬሙ ዜሮ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ነጥብ ያላቸው (ሙሉ ያልሆኑ) ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች መስጠት ነው፦

1 + 0.4 * ኖይዝ(ፍሬም / 10, 0.37, 0.61)

ሁለተኛ መብራት ካለ 0.37ን 5.37 አድርጉት፣ የራሱ የሆነ እንቅስቃሴ ይኖረዋል። 0.2 የነበረውን ወደ 0.4 ከፍ ያደረግኩት ኖይዝ ጫፉ ድረስ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ስለሆነ ነው።

በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣውን ራንደም(ፍሬም) ለዚህ ሥራ አልወደውም። እያንዳንዱ ፍሬም ከጎረቤቱ ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው ምስሉን ያንዘረዝረዋል እንጂ ብርሃን አይመስልም። ለተበላሸ ስክሪን ግን ራንደም(ኢንት(ፍሬም / 4)) አሪፍ ነው፤ ኢንት ከነጥብ በኋላ ያለውን ስለሚቆርጥ እያንዳንዱን ቁጥር ለ4 ፍሬም ይዞ ይቆያል።

4. ቁጥሮቹን አንድ ቦታ አውጡ

ኖኦፕ ኖድ (ምስሉን የማይነካ ባዶ ኖድ) ፍጠሩና «ኮንትሮል» በሉት። ፕሮፐርቲው ላይ በቀኝ ክሊክ ማኔጅ ዩዘር ኖብስ ግቡና ስላይደር ጨምሩለት፣ ስሙ «ኃይል» ይሁን እንበል። ከዚያ 0.4 በነበረበት ቦታ ኮንትሮል.ኃይል ብላችሁ ጻፉ። አሥር መብራት ቢኖራችሁም አንዷን ስላይደር ስትነኩ ሁሉም አብሮ ይለወጣል።

ለፍጥነትም ስላይደር መሥራት ያምራል፣ ፍሬም / ኮንትሮል.ፍጥነት ብሎ። ቁጥሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ከሆነ ችግር የለውም። ሾቱ መሃል ላይ መብራቱ እየፈጠነ እንዲሄድ ብላችሁ ፍጥነቱን ኪፍሬም ስታደርጉት ግን ጉድ ይፈላል። ቁጥሩን እንየው፦ 1001 ለ10 ሲካፈል 100.1 ነው። ለ9.9 ሲካፈል 101.11 ይሆናል። ስላይደሩን በ0.1 ብቻ ነክታችሁ ኖይዙ ላይ ከአንድ ሙሉ እርምጃ በላይ ዘለላችሁ፣ በተለመደው አካሄድ ግን ያ ርቀት 10 ፍሬም ይፈጅ ነበር። ስለዚህ መብራቱ በመፍጠን ፈንታ ያብዳል። የፍሬም ቁጥሩ በጨመረ ልክ ደግሞ ይብስበታል።

እንዲህ ሲሆን ማካፈሉን ጭራሽ ተዉት። «ጉዞ» የሚል ስላይደር ጨምሩና ኖይዝ(ኮንትሮል.ጉዞ, 0.37, 0.61) በሉ። ጉዞን ራሱን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ኪፍሬም አድርጉት፣ ለምሳሌ ከ0 እስከ 15። ከርቭ ኤዲተር ላይ መስመሩን ቀጥ ያለ ዳገት ስታደርጉት መብራቱ ይፈጥናል፣ ለጥ ስታደርጉት ይረጋጋል። ፍጥነቱን በዓይናችሁ እያያችሁ ነው የምትቀርጹት።

5. መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ

ፍሬም < 1080 ? (ያው ቀመር) : 0.1

እስከ 1079 ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ እልም ይላል።

6. ለሌላ ሰው ስትሰጡ

ግሬድ ኖዱን ብቻውን ኮፒ አድርጋችሁ ከላካችሁ ኮንትሮል አብሮት ስለማይሄድ ቀመሩ ኤረር ያወጣል። ወይ ሁለቱንም አብራችሁ ላኩ፣ ወይ ከርቭ ኤዲተር ውስጥ ከኤዲት ሜኑ ጀነሬት ብላችሁ ወደ ኪፍሬም ቀይሩት። ስትቀይሩ ግን ከቀመሩ ጋር ያለውን ፋይል ለብቻው ሴቭ አድርጉ፣ ኪፍሬም ከሆነ በኋላ ወደ ቀመር የሚመልሰው የለም።