የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ መሆኑን እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

አንድ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ተደራሽ የሚባለው መግቢያው ላይ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ) ስላለው ሳይሆን፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ ተገልጋይ ከመንገድ ተነስቶ እስከሚፈልገው ክፍል ደርሶ፣ ጉዳዩን በራሱ ፈጽሞ፣ ሲያስፈልገው መጸዳጃ ቤት ተጠቅሞ፣ አደጋ ቢደርስም እንደማንኛውም ሰው በሰላም ሊወጣ ሲችል ነው። ከዚህ ጉዞ አንዱ ክፍል ብቻ ቢጎድል፣ ለቀረው የወጣው ገንዘብ ሁሉ ለዚያ ተገልጋይ ፋይዳ አይኖረውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 መንግሥታት የተደራሽነት እንቅፋቶችን እንዲያስወግዱ ብቻ ሳይሆን አስቀድመው እንዲለዩም ያዛል። ከዚህ በታች የቀረበው ያንን የመለየት ሥራ አንድ የሕንፃ አስተዳዳሪ፣ መሐንዲስ ወይም የአካል ጉዳተኞች ማኅበር አባል እንዴት ሊያከናውነው እንደሚችል ነው። የተጠቀሱት ልኬቶች በብዙ አገሮች መመሪያዎች ውስጥ ያሉትን የሚቀርቡ መነሻዎች ስለሆኑ፣ ሕንፃው ያለበት አገር ደንብ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ ደንቡን መከተል ይገባል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። ከመሣሪያዎቹ ይልቅ ወሳኙ ነገር አብረው የሚፈትሹት ሰዎች ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ፣ በምርኩዝ የሚሄድ፣ በነጭ በትር የሚመራ ዓይነ ስውር እንዲሁም መስማት የተሳነው ሰው ከአስተርጓሚ ጋር መኖር አለባቸው። አካል ጉዳት የሌለበት ሠራተኛ ለአንድ ሰዓት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይም ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ የሚያደርገው ሙከራ እነዚህን ሰዎች አይተካም፤ የሚያሳየው የጀማሪን ድንጋጤ እንጂ በየቀኑ ከሕንፃዎች ጋር የሚታገል ሰው ያካበተውን ዕውቀት አይደለም። የእነዚህ ሰዎች ተሳትፎ ሙያዊ አስተዋጽኦ ስለሆነም እንደማንኛውም አማካሪ ተገቢው ክፍያ ሊከፈላቸው ይገባል። ፍተሻው ተገልጋይ በሚበዛበት የሥራ ቀን ቢደረግ ይመረጣል፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰፊ የሚመስለው መተላለፊያ ወረፋ ሲያዝበት የማያሳልፍ ሊሆን ይችላልና።

ፍተሻው የሚጀምረው ከሕንፃው በር ሳይሆን ተገልጋዩ ከተሽከርካሪ ከሚወርድበት ቦታ ነው። ከዚያ እስከ መግቢያው ያለው መንገድ ጠንካራ፣ የማያንሸራትትና ያልተቋረጠ መሆኑን፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ በመሻገሪያው ላይ ዝቅ ማለቱን፣ መኪና ወይም የአበባ ማሰሮ እንዳልዘጋው ይመልከቱ። መንገዱን የሚጠቁሙ በእግርና በበትር የሚዳሰሱ ንጣፎች ካሉ በትክክል መነጠፋቸውን ያረጋግጡ። እነዚህ ንጣፎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ1967 በጃፓኗ ኦካያማ ከተማ በአንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ሲሆን፣ ዛሬ በስፋት በተለመደው አሠራር ክብ ጉብታ ያላቸው «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ሲሉ፣ ረዣዥም መስመር ያላቸው ደግሞ የመሄጃውን አቅጣጫ ያመለክታሉ። ሁለቱን አቀያይሮ ወይም ለጌጥ ብሎ መንጠፍ ከነጭራሹ ካለመንጠፍ የባሰ ነው፤ ዓይነ ስውሩ የሚተማመንበት ምልክት ወደ ደረጃ ጫፍ ወይም ወደ ምሰሶ ሊመራው ይችላልና።

ራምፕን በዓይን ገምቶ ማለፍ አይገባም። ጣውላውን ራምፑ ላይ ያሳርፉና ላይኛው ጫፉ ንጣፉን እንደነካ ታችኛውን ጫፍ ውሃ ልኩ መሃል እስኪቆም ድረስ ያንሱት፤ ከዚያም ከታችኛው ጫፍ እስከ ንጣፉ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ጣውላው አንድ ሜትር ከሆነ ክፍተቱ ከ8.3 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ይህም ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎችን የሚተካ ራምፕ ቢያንስ 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። በተግባር ግን ለእንደዚህ ዓይነት ከፍታ የሁለት ሜትር ራምፕ የሠራ ሕንፃ ማየት ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ራምፕ ወንበሩ በሰው ኃይል ተገፍቶ እንኳ አደገኛ ነው። ከላይና ከታች 1.5 ሜትር ያህል ደልዳላ ማረፊያ፣ በሁለቱም ወገን የእጅ መደገፊያ፣ ጎማ ወደ ውጭ እንዳይንሸራተት የሚከላከል ጠርዝ መኖሩንም ይመዝግቡ።

በር ሲለካ የሚፈጸመው ስሕተት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ የሚለካው ክፈፉ ይሆናል። መለካት ያለበት በሩ እስከ 90 ዲግሪ ተከፍቶ፣ ከተከፈተው ተካፋች (የሚንቀሳቀሰው የበሩ ክፍል) ፊት አንስቶ በተቃራኒው ወገን እስካለው የክፈፉ ጠርዝ ድረስ የሚገኘው ነፃ ስፋት ነው። በዕቅዱ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር የተባለ በር፣ ክፈፉና የተካፋቹ ውፍረት ሲቀነሱ 80 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ካነሰ ብዙ ተሽከርካሪ ወንበሮች አያልፉም። ባለ ሁለት ተካፋች በሮች ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያሻል። ጠቅላላ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ትልቅ መግቢያ፣ አንደኛው ተካፋች ከላይና ከታች በመቀርቀሪያ ተዘግቶ ከዋለ፣ ለተገልጋዩ የቀረው ከ60 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ክፍተት ነው። የደፉ ከፍታ ከ1.3 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። እጀታው ጨብጦ ማዞርን የሚጠይቅ ድቡልቡል ሳይሆን በክርን ጭምር ተጭኖ የሚከፈት ዓይነት ይሁን። በሩን በራሱ የሚዘጋው መሣሪያም በጣም ከጠበቀ ጉልበት የሌለው ሰው ሊከፍተው አይችልም። የመስታወት በሮች ደግሞ በቆመም በተቀመጠም ሰው ዓይን ትይዩ ጎላ ያለ ምልክት ያስፈልጋቸዋል።

ውስጥ ሲገቡ ከማየትና ከመስማት ጋር የተያያዙትን እንቅፋቶች ትኩረት ሰጥተው ይፈትሹ፤ በሜትር ስለማይለኩ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እነዚህ ናቸው። ነጭ በትር ወለሉን እንጂ አየሩን አይዳስስም፤ ስለሆነም ከግድግዳ የወጣ የእሳት ማጥፊያ ሣጥን ወይም ከሥሩ ክፍት የሆነ ደረጃ ግንባርና ደረት ላይ እስኪያርፍ ድረስ አይታወቅም። የቀለም ልዩነትን ለመፈተሽ ቦታውን ፎቶ አንስተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት፤ በሩ ከግድግዳው፣ የደረጃው ጠርዝ ከመርገጫው ካልተለየ፣ የማየት አቅሙ የደከመ ሰውም አይለየውም። ተራ የሚጠራው በድምፅ ብቻ ከሆነ መስማት የተሳነው ሰው ተራው ያልፈዋል፤ በሰሌዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዓይነ ስውሩ። ሁለቱም አብረው ሊሠሩ ይገባል። ባንኮኒው ቢያንስ በከፊል 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ኖሮት ከሥሩ ለጉልበት ክፍት መሆኑን፣ የአስተናጋጁ ፊት ላይም በቂ ብርሃን መኖሩን ይመልከቱ፤ ከከንፈር እንቅስቃሴ የሚረዱ ሰዎች ይህ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል።

የሊፍቱ ውስጥ ስፋት 1.10 በ1.40 ሜትር፣ ቁልፎቹ በተቀመጠ ሰው እጅ የሚደረስባቸውና በብሬይል (ዓይነ ስውራን በጣት ዳስሰው በሚያነቡት ጽሑፍ) የተጻፉ፣ የፎቁ ቁጥር በድምፅ የሚነገር ይሁን። ሊፍቱ መሥራቱንም በአካል ተሳፍረው ያረጋግጡ።

መጸዳጃ ቤቱ ላይ ጊዜ መውሰድ ተገቢ ነው፤ የሰው ክብር ከሁሉ ይበልጥ የሚነካው እዚህ ነውና። የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት የተለጠፈበትን በር ሲከፍቱ መጥረጊያና ባልዲ ካገኙ፣ ወይም በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ከጠፋ፣ ሕንፃው ያ መጸዳጃ ቤት እንደሌለው አድርገው ይመዝግቡት። በውስጡ 1.5 ሜትር ዲያሜትር ያለው መዞሪያ፣ ከመቀመጫው ጎን ወንበሩ የሚጠጋበት 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ፣ ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫና የሰውን ሙሉ ክብደት የሚሸከም የብረት መደገፊያ ሊኖር ይገባል፤ መደገፊያውን በኃይል ጎትተው ይሞክሩት። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከኋላው የወደቀን ሰው ለማንሳት መግባት አይቻልም። የድንገተኛ ጥሪ ገመድ ካለ እስከ ወለሉ መውረዱን ይዩ። በጽዳት ወቅት እንዳያስቸግር ተብሎ ወደ ላይ የታሰረ ገመድ፣ ወለል ላይ ለወደቀ ሰው አይደርስለትም። ገመዱን ስበውም የጥሪው ድምፅ የት እንደሚሰማና ማን እንደሚመጣ ያረጋግጡ።

የአደጋ ጊዜ መውጫን በተመለከተ አስተዳደሩ አንድ ግልጽ ጥያቄ ሊመልስ ይገባል፦ እሳት ቢነሳ ሊፍት ስለማይፈቀድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ በማን እርዳታና በየት በኩል ይወጣል? ጭስና እሳት የማይደርስበት መጠበቂያ፣ በደረጃ የሚያወርድ ልዩ ወንበርና የሠለጠኑ ተጠሪ ሠራተኞች መኖራቸውን፣ ማስጠንቀቂያው ከድምፅ በተጨማሪ በብርሃን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳይቀር መታየቱን ይጠይቁ።

ግኝቶቹን ሲጽፉ ለእያንዳንዱ እንቅፋት ፎቶ፣ ልኬት፣ ኃላፊና የማጠናቀቂያ ቀን ያስቀምጡ። ገመዱን መፍታት፣ መቀርቀሪያውን መክፈት፣ መተላለፊያውን የዘጉ ዕቃዎችን ማንሳት በጀት አይጠይቅም፤ በዕለቱ ይደረግ። እጀታ መቀየርና የደረጃ ጠርዝ መቀባት በመደበኛው የጥገና በጀት ይሸፈናል። ራምፕ፣ ሊፍትና መጸዳጃ ቤት የግንባታ ሥራ ስለሆኑ ዲዛይናቸው ከመጽደቁ በፊት አብረው የፈተሹት ሰዎች አስተያየት ይስጡበት፤ ሥራው ሲያልቅም የተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያ ከመለቀቁ በፊት እነዚሁ ሰዎች ተጠቅመውበት፣ ልኬቱም በድጋሚ ተወስዶ በርክክብ ሰነዱ ላይ ይያያዝ።