ስለ ልጆች ሆርሞን «አዲስ ጥናት ወጣ» ሲባል እንዴት ይነበባል?

መጀመሪያ ርዕሱን እርሱት። ርዕስ የሚጻፈው እንድትከፍቱት ነው። ገባ በሉና ጥናቱ በማን ላይ እንደተሠራ ፈልጉ። በአይጥ ከሆነ ለተመራማሪዎቹ ደስ ይበላቸው፣ ለእናንተ ግን ገና ነው። በአዋቂ ላይ ከሆነም ቆም በሉ። የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት ለምሳሌ መጠኑ ሲበዛ የልጅን ቁመት ይገታል፤ አድጎ የጨረሰ ሰው ግን ይሄ ስጋት የለበትም።

ቀጥሎ በሽታው በስሙ ብቻ ሳይሆን በመንስኤውም የልጃችሁ መሆኑን አጣሩ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። «ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን መወጋት አቆመ» የሚል ነገር አንብባችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን የትኛው ልጅ? እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ያሉ ሐኪሞች የመሩት ቡድን፣ ገና በጨቅላነታቸው ስኳር የያዛቸው አንዳንድ ሕፃናት ኬሲኤንጄ11 የሚባለው ጂናቸው ላይ ለውጥ እንዳለ ደረሰበት። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርተው ሴል ላይ ትንሽ በር አለች በሉ። ደም ውስጥ ስኳር ሲጨምር በሯ ትዘጋለች፣ ያኔ ኢንሱሊን ይለቀቃል። እነዚህ ልጆች ላይ በሯ አልዘጋም ትላለች፤ ኢንሱሊኑ እያለ አይወጣም። ሰልፎኒልዩሪያ የሚባለው፣ ለአዋቂዎች ስኳር ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ የኖረው ተራ ኪኒን ደግሞ ሥራው ይህችኑ በር መዝጋት ነው! በ2006 በታተመ ጥናት ኪኒኑን ከሞከሩት 49 ሰዎች 44ቱ ኢንሱሊን መወጋት አቆሙ።

ስለዚህ ልጃችሁ ስኳር የተገኘበት 6 ወር ሳይሞላው ከሆነ፣ አሁን ትልቅ ልጅ ቢሆንም እንኳ፣ የጂን ምርመራ ጠይቁለት። በ8 ዓመቱ የተገኘበት ዓይነት 1 ስኳር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ሴሎቹን ያጠፋቸው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ነው፣ የሚዘጋ በር የለም፤ ዜና አንብቦ ኢንሱሊን ማቋረጥ ልጅ ያሳጣል።

የእርግዝና ጥናት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። «እናትየው ይሄን ስለወሰደች ልጁ እንዲህ ሆነ» የሚል ወሬ እናቶችን በጸጸት ያንገበግባል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥናቱ ያለው ሁለቱ ነገሮች አብረው ታዩ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣ አይደለም። በ2024 የወጣ የስዊድን ጥናት ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ልጆችን ተመልክቷል። ነፍሰ ጡር ሆነው ፓራሲታሞል ከወሰዱ እናቶች በተወለዱ ልጆች ላይ ኦቲዝም በጥቂቱ በዝቶ ታየ። ከዚያ የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ ተነጻጸሩ፤ አንዱን አርግዛ የወሰደች፣ ሌላውን አርግዛ ያልወሰደች። ልዩነቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እኔ እንዲህ ያለ ጥናት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ወንድምና እህት ተነጻጽረው እንደሆነ ነው።

«አደጋው በእጥፍ ይጨምራል» ከተባለ ደግሞ የስንት እጥፍ በሉ። ከ10,000 ልጆች 1 የነበረው 2 ቢሆንም እጥፍ ነው። 9,998ቱ ምንም አልሆኑም።

በነገራችን ላይ አዲስ ያልሆነውንም አትናቁ። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው በእናቱ የታይሮይድ ሆርሞን (አንገት ላይ ያለው ዕጢ ከአዮዲን የሚሠራው) ነው፣ ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን የሚመክረው። ሲወለድ ከተረከዙ የምትወሰደው ጠብታ ደምም የታይሮይድ ችግርን ቶሎ ትይዛለች። ርዕስ አይወጣላቸውም፣ ግን የስንቱን ልጅ አእምሮ አትርፈዋል።

ጂን ከተነሳ አንድ ስህተት ላርም። ኮንጀኒታል አድሬናል ሃይፐርፕላሲያ የሚባለው፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲዞል የሚባለውን ሆርሞን በበቂ መጠን የማይሠሩበት በሽታ፣ ልጅ ላይ የሚወጣው የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። ሁለቱም ተሸካሚ (ራሳቸው ሳይታመሙ ጂኑን የያዙ) ከሆኑ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ይሄ ማለት አንዱ ከታመመ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይተርፋሉ ማለት አይደለም፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል።

ለዚሁ በሽታ ክሪኔሰርፎንት የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተፈቅዷል። ዜናው ደስ ይላል፣ ለሐኪማችሁም ውሰዱለት። ግን የጎደለውን ኮርቲዞል የሚተካውን ሃይድሮኮርቲዞንን አይተካም፤ አብሮት ነው የሚወሰደው፣ ጥቅሙ የሃይድሮኮርቲዞኑን መጠን ለመቀነስ ዕድል መስጠቱ ነው። የሚቀንሰውም ሐኪሙ ነው፣ በሂደት። ልጁ ካስመለሰው ወይም ካተኮሰው ደግሞ መቀነስ ቀርቶ መጠኑ የሚጨምርበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ስለ አዲሱ መድኃኒት ስትጠይቁ «በሕመም ቀን ስንት እንስጠው? የድንገተኛ ጊዜ የሃይድሮኮርቲዞን መርፌውስ መቼ?» የሚለውን በዚያው ወረቀት ላይ አጽፉ።