የፈውስ ችሎታዎችን እንዴት እንመድባቸው?

በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በጠረጴዛ ዙሪያ በሚጫወቱት ጨዋታ፣ የጨዋታ መሪ ስሆን ፈውስን በአስማት ዘርፍ አልመድብም፤ ዘርፉ ከእትም እትም ይቀያየራል። ቁስል ፈዋሹ አስማት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ከኃይል ማፍለቅ ዘርፍ ነበር፤ በ2024 ወደ መከላከል ተዛወረ።

መጀመሪያ ምን እንደሚመልስ ጠይቁ፦ የሕይወት ነጥብ ነው? መርዝንና ዕውርነትን ያነሣል? ወይስ ሙት ያስነሣል? ጊዜያዊ ነጥብ፣ ማለትም ጉዳትን ለጊዜው የሚቀበል ጭማሪ፣ ፈውስ አይደለም፤ የሕይወት ነጥቡ ዜሮ ሆኖ የወደቀን ሰው አይቀሰቅስም።

ከዚያ ፍጥነቱንና ርቀቱን እዩ፤ እኔ አብዝቼ የምጨነቀው እዚህ ላይ ነው። በ2014 ሕግ በመንካት የሚፈውሰው የሚመልሰውን ነጥብ ለመወሰን ባለ 8 ገጽ ዳይስ ያስጥላል፤ ዋናውን ድርጊት ግን ይወስዳል። በቃል የሚፈውሰው ባለ 4 ገጽ ቢሆንም 60 ጫማ ይደርሳል፤ ተጨማሪ ድርጊት፣ ማለትም በተራው ከዋናው ድርጊት ጎን የሚደረግ ፈጣን ድርጊት፣ ብቻ ይበቃዋል። አንድ ጊዜ ከወንዙ ማዶ የወደቀ ጓዳችን በዚህ ጥቂት ነጥብ አግኝቶ ተነሣና ሰይፉን መዘዘ። ከዚያ ወዲህ በደብተሬ የወደቀን ፈጥኖ የሚያስነሣውን «ማንሻ»፣ ብዙ ነጥብ የሚመልሰውን «መሙያ» ብዬ ለይቼ እጽፋቸዋለሁ።